የአሜሪካ እንደራሴዎች የአክሲዮን መዝገብ

እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ስለ ጨረስን ጻፉ ስንባል የምንጽፈው ስለ መዝገብ ነው። የዘንድሮው የአሜሪካ ነው። እዚያ የሚኖር የወንድማችን ልጅ ለጥየቃ መጥቶ በስልኩ ድረ ገጽ ከፈተና «ጋሼ፣ የትኛው እንደራሴ የትኛውን አክሲዮን መቼ እንደ ገዛና እንደ ሸጠ ይኸው» ብሎ አሳየን። እንዴ! የባለሥልጣን ንግድ እንዲህ አደባባይ ይወጣል?

ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ በ1978 በወጣ ሕግ እንደራሴዎቹ ሀብታቸውን በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያስታውቁ ታዘዘ። ታዲያ በጥር የተሸጠ አክሲዮን የሚሰማው በሚመጣው ዓመት ነው። በዝግ ስብሰባ ወሬ ሰምቶ ከሕዝቡ ቀድሞ የሸጠ ቢኖር ማን ያውቃል? በ2011 ሲክስቲ ሚኒትስ የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ይህን ሲያነሳ ጩኸቱ በዛ፤ ኦባማም ኤፕሪል 4 ቀን 2012 አዲስ ሕግ ፈረሙ። ከ1,000 ዶላር በላይ የሆነ ግዢና ሽያጭ ቢዘገይ በ45 ቀን ይገለጽ ተባለ። ያዘገየ 200 ዶላር ይቀጣል። ለሚሊዮን ነጋዴ ይህ ምኑ ነው! በእኛ እድር ቀብር የቀረ ሰው ቅጣት እንኳ የበለጠ ያማል።

ያው ሕግ መዝገቡ በኢንተርኔት ተፈልጎ በቀላሉ እንዲገኝ ጭምር ያዝዝ ነበር። በኤፕሪል 2013 ግን ምክር ቤቶቹ ያለ ክርክር ያንን ክፍል ሰረዙት። የእንደራሴዎቹ ወረቀት መውጣቱ አልቀረም፤ ግን አንዳንዱ በእጅ የተሞላ፣ አንድ በአንድ ካልገለጡት የማይገኝ ሆነ።

ይህን ዘዴ እናውቀዋለን። በሠራንበት መሥሪያ ቤት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የጡረታ ፋይል ልትጠይቅ መጣች። አለቃችን «አትከልክሏት፣ የፋይሉን ቁጥር ግን ራሷ ታምጣ» አሉ። ቁጥሩን እኛ እናውቅ ነበር። ሦስት ወር ስትመላለስ ዝም ብለን አየናት።

በፌብሩዋሪ 2020 የስለላ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ሴናተር ሪቻርድ በር ኮሮና ገበያውን ከመጣሉ በፊት በአንድ ቀን በ33 ሽያጭ ከ628,000 እስከ 1.72 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ሸጡ። የ2012ቱን ሕግ ከተቃወሙት ሦስት ሴናተሮች አንዱ እሳቸው ነበሩ። በአደባባይ የተሰማ ዜና አይተን ነው የሸጥነው አሉ፤ የወንጀል ምርመራውም በ2021 ያለ ክስ ተዘጋ። ሽያጩ የታወቀው ግን ወረቀቱ በመገኘቱ ነው።

እንደ ካፒቶል ትሬድስና ኩዊቨር ኳንቲቴቲቭ ያሉት ድረ ገጾች የሚሠሩት ታዲያ ሌላ አይደለም፤ የተበተነውን ወረቀት ለቅመው በስም፣ በቀንና በኩባንያ ማውጫ ያበጁለታል። የገንዘቡ ልክ በግምት ነው፤ «ከ1,001 እስከ 15,000 ዶላር» ይላል እንጂ ቁርጡን አይናገርም። የወንድማችን ልጅ እነሱ የገዙትን እየተከተለ ይገዛል። የ45 ቀን ወሬ ይዘህ ገበያ አትውጣ ብለነዋል፤ አልሰማንም።

እኛስ ያየነው ማውጫውን ነው። ለዚያች ሴት ያልጻፍንላት አንዲት መስመር ቁጥር ነበረች።