በ1954 ዓ.ም. የፍጻሜ ግጥሚያ ዋዜማ የሁለቱ ቡድኖች ሚዛን

እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የተደረገው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያ በሕዝባችን ልቡና ተቀርጾ የኖረው በውጤቱ ነው፤ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን እንደ ወሰደች ልጁም ሽማግሌውም ያውቀዋል። ነገር ግን ፍጻሜው ከታወቀ በኋላ አሸናፊውን ማመስገን ለማንም የማያዳግት ስለ ሆነ፣ የዚያን ድል ክብደት በእውነት ለመረዳት የሚሻ ሰው ኅሊናውን ወደ ዋዜማው መልሶ፣ በቃና ዘገሊላ ማታ ነገ የሚሆነውን እንደማያውቅ ፈራጅ ሆኖ፣ ሁለቱን ቡድኖች በየያዙት ሀብት ሊመዝናቸው ይገባዋል። እንዲህ አድርጎ ለመዘነ ሰው ድሉ የአጋጣሚ ስጦታ እንዳልነበረ፣ ምልክቱም አስቀድሞ በዚያው ሜዳ ላይ በግልጥ ታይቶ እንደ ነበረ ይገለጥለታል።

በመጀመሪያ የግብጽን ወገን እንመልከት። ሶርያ ከኅብረቱ ከተለየች ጥቂት ወራት ቢያልፉም ግብጽ የተባበረች ዐረብ ሪፑብሊክ የሚለውን ስም እንደ ያዘች ነበረች፤ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ቡድንም በዚሁ ስም ይጠራ እንጂ የካይሮና የእስክንድርያ የኳስ ትምህርት ፍሬ ነበር። አል አህሊ በ1899 ዓ.ም.፣ በኋላ ዛማሌክ የተባለውም ቡድን በ1903 ዓ.ም. ተመሥርተው ሁለቱ ባላንጣዎች ለብዙ ዓመታት እርስ በርሳቸው ሲፎካከሩ ተጫዋችን ከተጫዋች የሚያበላልጥ፣ ትውልድንም ከትውልድ የሚያያይዝ ሥርዓት አቆሙ። ከዚህ ሥርዓት የወጣው የግብጽ ቡድን በ1920 ዓ.ም. በአምስተርዳም ኦሊምፒክ አራተኛ ወጥቶ፣ በ1926 ዓ.ም. ደግሞ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ቀድሞ በዓለም ዋንጫ ተሰልፎ ነበር። የአህጉሩ ዋንጫ ከተጀመረ ወዲህም የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ውድድር ያሸነፈ እርሱ ነበረ፤ ዋንጫው ራሱ የተሰየመው በመጀመሪያው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በግብጻዊው አብደልአዚዝ ሳሌም ነበርና፣ ቡድኑ ወደ ሸገር የመጣው የራሱን ንብረት ሊጠብቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለቱ ቡድኖች ቀድሞ የተገናኙባቸው ግጥሚያዎችም ለግብጽ የሚመሰክሩ ነበሩ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው ዋንጫ ፍጻሜ አድ ዲባ የተባለው አጥቂ አራቱንም ግቦች ብቻውን አስቆጥሮ ግብጽ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ በግንቦት 1951 ዓ.ም. በካይሮ ሲገናኙም ማሕሙድ ኤል ጎሃሪ ሦስት ግብ አግብቶ ውጤቱ ያው 4 ለ 0 ሆነ። ስምንት ግብ ገብቶበት አንድም ያላገባ ቡድን በሦስተኛው ግጥሚያ ያሸንፋል ብሎ የሚፈርድ ሰው በዋዜማው ቢገኝ፣ ከአእምሮው ይልቅ የአገሩ ፍቅር እንዳናገረው በተቆጠረ ነበር።

ይሁን እንጂ መልካም ፈራጅ የምስክሩን ቃል ብቻ ሳይሆን ምስክሩ የቆመበትንም ስፍራ ይመረምራል። በካርቱም ኢትዮጵያ በመጀመሪያ የምትገናኘው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር፤ የዚያች አገር ገዥዎች ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበትን ቡድን አናሰልፍም ስላሉ ከውድድሩ ወጡ፣ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ስለዚህ ግብጾች ሱዳንን 2 ለ 1 አሸንፈው እግራቸውን ካሟሹ በኋላ ሲመጡ፣ የእኛ ልጆች ግን በውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን በፍጻሜው ዕለት ጀመሩ። የካይሮውም ግጥሚያ በባለቤቱ ሜዳና በባለቤቱ ሕዝብ ፊት የተደረገ ነበር። ሁለቱም ሽንፈቶች እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ከአዲስ አበባ ሜዳ ውጭ የተፈጸሙ ስለ ሆኑ፣ በአዲስ አበባ ሊሆን ለሚችለው ነገር ሙሉ ማስረጃ መሆን አይችሉም ነበር።

ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያን ወገን ስንመዝን በመጀመሪያ የምናገኘው አሠልጣኙን ይድነቃቸው ተሰማን ነው። በበርሊን ከተማ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው፣ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የተጫወቱ፣ ኮንፌዴሬሽኑም ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የግብጽን ጨዋታ በወሬ ሳይሆን በዓይናቸው ያውቁት ነበር። በእጃቸው የነበሩት ተጫዋቾችም ከአንድ ሰፈር ወይም ከአንድ ነገድ የተመረጡ አልነበሩም። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ አባት በአሥመራ ተወልዶ፣ በምድር ባቡር በመካኒክነት እየሠራ ኳስ የተማረ፣ በኋላም በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ስሙ የገነነ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም ከጎኑ ተሰልፎ ነበር። መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ በጎንደር ተወልዶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ያደገ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መግቢያ ላይ የነበረ ወጣት አጥቂ ነው። ከቀሩትም ተሰላፊዎች ብዙዎቹ ከኤርትራ የተገኙ ስለ ነበሩ፣ የአሥመራ፣ የድሬዳዋና የአዲስ አበባ ሜዳዎች ለየብቻቸው ያሳደጉት ችሎታ በአንድ ማልያ ውስጥ ተሰብስቦ ነበር ማለት ይቻላል።

የስፍራውና የጊዜውም ነገር ቀላል አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፣ በዓባይ ሸለቆ ዝቅታ ለኖረ ሰው አየሯ ስስ ነው፤ ይህም የሚታወቀው ጨዋታው ሲጀመር ሳይሆን ሲራዘምና እግር ሲደክም ነው። ከዚህም ጋር ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ግጥሚያዋን እሑድ ጥር 6 ቀን ፈጽማ ሳምንት ሙሉ ስታርፍ፣ ግብጾች ግን ኡጋንዳን 2 ለ 1 ያሸነፉት ሐሙስ ጥር 10 ቀን፣ ታቦታት ወደ ጃንሜዳ በሚወርዱበት በከተራ ዕለት ስለ ነበረ፣ ለፍጻሜው የቀራቸው ዕረፍት እጅግ አጭር ነበር። በዋዜማው የሚፈርድ ሰው ግጥሚያው በ90 ደቂቃ ካለቀ ወደ ግብጽ፣ ከ90 ካለፈ ግን ወደ ኢትዮጵያ ሚዛኑ ሊያደላ እንደሚችል ከዚህ መረዳት በቻለ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን የጥር 6ቱ ግጥሚያ ነው። በዚያ ቀን ቱኒዚያ ሁለት ግብ አስቀድማ ስታገባ፣ የካርቱምንና የካይሮን ትዝታ የተሸከመ ቡድን ሊፈርስ ይገባው የነበረበት ሰዓት ደረሰ፤ የእኛዎቹ ግን አልፈረሱም። ሉቻኖ በፍጹም ቅጣት ምት የመጀመሪያዋን ካገባ በኋላ አቻ ሆኑ፣ መንግሥቱም ሁለት ጨምሮ ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ይህ ውጤት የሚያሳየው ብልጫን ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ መመራት ለዚህ ቡድን የጨዋታው መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ተቀድሞ መመለስን የተማረ ቡድን፣ መቅደምን ብቻ ከለመደው ቡድን ጋር ሲገናኝ፣ ጽናት ከዝና ጋር ይመዘናል።

በጥር 13 የሆነውም ይኸው ነው። ባዳዊ አብደል ፈታሕ በ35ኛው ደቂቃ ለግብጽ አገባ፤ ያች አንዲት ግብ ከዕረፍት በፊትም ከዕረፍት በኋላም ለብዙ ጊዜ ሳትመለስ ቆየች። በ74ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ አቻ ስትሆን ደስታው ገና ሳይረጋ፣ በ75ኛው ያው ባዳዊ ሁለተኛውን አስገባ፤ የሰውን ወኔ ለመስበር ከዚህች አንዲት ደቂቃ የሚበልጥ ፈተና አይገኝም። በ84ኛው ደቂቃ ግን አምበሉ ሉቻኖ ሁለት ለሁለት አደረገውና መደበኛው ሰዓት አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ አግብተው ግጥሚያውን ዘጉት፤ ኢትዮጵያ ያን ቀን ከማለቂያው በፊት ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራችው ግን ደጋማው አየር በሚፈርድበት ሰዓት ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ አስረከቡ።

እንግዲህ ያን ጊዜ ግብጽን ያስበለጡ ሰዎች ሁሉ ስተው ነበር ማለት አይገባም። የመዘኑት ነገር ለአንድ ቀን ባይሠራም ለዘመን ሠርቷል፤ ግብጽ ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ጨምራ ዋንጫውን በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ስትወስድ፣ ኢትዮጵያ ግን ውድድሩን በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ደግማ ብታስተናግድም ያ ድል እስከ ዛሬ ብቸኛዋ ሆኖ ቀርቷል። የክለብ ሥርዓት፣ የወጣቶች ማሠልጠኛና የማያቋርጥ ውድድር ዝናን ይወልዳሉ፤ ጽናትና አንድነት ደግሞ የአንዱን ቀን ፍጻሜ ይወስናሉ። ይድነቃቸውና ልጆቻቸው ሁለተኛው ሀብት በእኛ ዘንድ እንዳለ በተግባር አስመስክረዋል፤ የመጀመሪያውን ማቆም ግን በአሠልጣኝና በዐሥራ አንድ ተጫዋች የሚፈጸም ሥራ አይደለም፤ የፌዴሬሽኑ፣ የትምህርት ቤቶችና የከተሞቻችን የዘመናት ግዴታ ነው። ስለዚህ ጥር 13ን በኩራት የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ በየሰፈሩ ሜዳ እንዲጠበቅና ሕፃናት በሥርዓት እንዲሠለጥኑ ባገኘው አጋጣሚ ሁሉ መጠየቅና በአቅሙ መርዳት አለበት፤ ለእነዚያ ጀግኖች የሚገባው ምስጋና ይህ ነው።