ጓሳ የሚከፈትበት ቀን

በሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ ጌራ ምድር ከተማ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የጓሳ ሜዳ ተዘርግቷል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ያወጣለት ሳሩ ነው። ጓሳ ለመንዝ ሰው የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ ዝናብ መከላከያ ገሳ ሆኖ ኖሯል። በዚያ ብርድ ግን ሳሩ ቶሎ አያድግም። አንዴ ከታጨደ በኋላ ለክዳን የሚሆን ቁመትና ጥንካሬ እስኪያወጣ ዓመታት ያልፋሉ። የመንዝ አባቶች ያቆሙት ሥርዓት በሙሉ የበቀለው ከዚህ እውነት ይመስለኛል።

ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር። ከተጀመረ ወደ 400 ዓመት ይጠጋል። የአካባቢው ትውፊት እንደሚለው አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች አገሩን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት። ከእነሱ የተወለደ ሁሉ በአጽመ ርስት የጓሳ ተጠቃሚ ነበር። ተጠቃሚው በየአጥቢያው ይመደብ ነበር፤ የየወገኑን ድርሻ የሚጠብቀውን አለቃ ደግሞ ራሱ ይመርጥ ነበር። አለቃው አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባል ነበር።

አባ ቄራው ሜዳውን ሲዘጋ ለአንድ ክረምት ብቻ አይዘጋም ነበር። ጓሳ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በተከታታይ ተዘግቶ ይቆይ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማጭድ አይገባበትም፤ ከብትም አይሰማራበትም ነበር። ጥበቃው የአባወራው ሁሉ ግዴታ ነበር፤ አቅም ያለው ሰው ተራው ሲደርስ ወጥቶ ሜዳውን ይቃኝ ነበር። ቅጣቱ ከባድ ነበር። ሰርቆ ባጨደው ጓሳ ቤቱን የከደነ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር። ዛሬ ስንሰማው ይከብዳል፤ እኔም ጭካኔውን ለማድነቅ አልጽፍም። ነገር ግን አንድ ሰው ቀድሞ ቢያጭድ ጎረቤቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ እንደሚከተለው አባቶቹ ያውቁ ነበር።

ከዚያ የመክፈቻው ጊዜ ይመጣ ነበር። ሳሩ መድረሱ ሲታይ፣ በጋው ሲጠና፣ የካቲት ገደማ፣ ቀኑ ለሕዝቡ ይታወጅ ነበር። መጀመሪያ አጫጆች ይገቡ ነበር። አጨዳው ሲያበቃ ሌላ ግጦሽ የጠፋባቸው ከብቶች ይለቀቁ ነበር። ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦም ለማገዶ ይለቀም ነበር። የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ሜዳው እንደገና ይዘጋ ነበር። በቀኑ ላይ ክርክር አልነበረም፤ ቀኑን የሚያውቀው ሕዝቡ ሁሉ ነበርና።

የዚህ ትዕግሥት ተካፋይ ሰው ብቻ አልነበረም። በዓለም ላይ ጎልማሶቹ 500 የማይሞሉት ቀይ ቀበሮ ጓሳ ላይ አይጥ እያደነ ይኖራል። ጭላዳዎች በመንጋ ሆነው ሳር ይግጣሉ። ተመራማሪዎች በዚሁ ሜዳ ያስተዋሉት አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፦ ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶው ብቻ። የሜዳው ውሃም ወደ ምሥራቅ ለአዋሽ፣ ወደ ምዕራብ ለዓባይ ይተርፋል። የመንዝ አባቶች ስለ ቀበሮ ብለው ሜዳውን አልዘጉም፤ ለጣሪያቸውና ለከብታቸው ሲሉ ባቆዩት ሳር ግን ቀበሮውም ኖረ።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። አዋጁ ያነሣው ጥያቄ እውነተኛ ነበር። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አርጅቶ ከጓሳ ድርሻ አልነበረውም፤ ያን በደል መሻር ይገባ ነበር። የጠፋው ሌላ ነገር ነው። «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲመለስ «መቼ ይነካል?» የሚለውን የያዘው ሥርዓት አብሮ ተጣለ። አባ ቄራው ሥልጣኑን አጣ፣ መዝጊያውም ቀረ፣ ሜዳው ለደረሰ ሁሉ ክፍት ሆነ። ሰው ለነገ ማቆየቱን ትቶ ጎረቤቱ ሳይቀድመው ማጨድ ጀመረ።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1968 እ.ኤ.አ.፣ ጋሬት ሀርዲን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ጽፎ ነበር፤ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ላም መጨመር ይጠቅመኛል ይላልና። ሀርዲን የገለጸው ግን ሕግ የሌለውን ሜዳ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም ከስዊዘርላንድ ተራሮችና ከጃፓን መንደሮች ማስረጃ ሰብስባ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ሕግ ባወጡበትና በጠበቁበት ቦታ የጋራ ሀብት ለዘመናት እንደሚቆይ አሳየች፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። ጓሳ ሁለቱንም አይቷል፤ ቄሮ ሳለ የኦስትሮምን፣ ቄሮ ሲፈርስ የሀርዲንን።

የመንዝ ሰው ግን ሜዳውን ጨርሶ አልተወውም። በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን በአዲስ መልክ ጀመሩ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢም የአማራ ክልል ለጓሳ በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት ዕውቅና ሰጠ። ባለቤቱ ማኅበረሰቡ ነው፤ ለጎብኚዎችም የራሱን ማረፊያ ሠርቷል።

አሁን የሚያሳስበኝ ቆርቆሮው ነው። የሣር ክዳን በቆርቆሮ በተተካ ቁጥር ጓሳን ዝግ አድርጎ ለመጠበቅ ምክንያት የነበረው ጥቅም ይቀንሳል። መሬት ያልደረሰው ወጣትም ሜዳውን የሚያየው ገብስ ሊዘራበት በሚችል ዓይን ነው። ተጠያቂው ወጣቱ አይደለም። አያቱ ሦስት ዓመት የታገሠው በአራተኛው ዓመት ሸክም ሙሉ ሳር ይዞ እንደሚመለስ ስለሚያውቅ ነው። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ የት እንደሚውል ሕዝብ በተሰበሰበበት ካልተነገረና ከየአጥቢያው ወጣቶች በጥበቃው ሥራ ካልተቀጠሩበት፣ ለወጣቱ ጓሳ መቼም የማይከፈት ሜዳ ነው። መሐል ሜዳ ላይ ቅድሚያ ሊመከርበት የሚገባው ይህ ነው።