ለሩቅ የደበዘዘ፣ ለቅርብ የጠራ፦ የአይፒ አድራሻና ግላዊነት በመተማ ጠረፍ

በአማራ ክልል የመተማ ጠረፍ አካባቢ በምትገኘው ገንዳ ውሃ ከተማ በሞባይል ዳታ ኢንተርኔት የሚከፍት ሰው፣ ከውጭ ለሚመለከተው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ የተቀመጠ ይመስላል። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። የአይፒ አድራሻ ከመሬት ጋር የተሳሰረ ነገር አይደለም፤ መቀመጫውን ሞሪሸስ ያደረገው የአፍሪካ መዝጋቢ አፍሪኒክ አድራሻዎችን ለቴሌኮም ድርጅቱ በጥቅል ይሰጣል፣ ድርጅቱም በዋና መሥሪያ ቤቱ ስም ያስመዘግባቸዋል። ከአድራሻ ተነስተው የከተማ ስም የሚሸጡ ኩባንያዎች ከዚህ መዝገብና መረጃው ከሚጓዝበት መስመር ይገምታሉ። በዚያ ላይ የቀድሞው የአድራሻ ሥርዓት ለዓለም ሁሉ ከ4.3 ቢሊዮን የማይበልጥ ቁጥር ስላለው፣ የሞባይል ኔትወርኮች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያጋራሉ። ስለዚህ ግምቱ አገርን ይለያል እንጂ ወረዳን እምብዛም አይለይም። ከዚህ በመነሳት የጠረፍ ነዋሪ በኢንተርኔት ላይ ከከተሜው ይልቅ የተሰወረ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው። ብዥታው ለሩቅ ተመልካች ብቻ ነው፤ ግላዊነትን የሚወስነው ትክክለኛውን መዝገብ ማን እንደያዘውና ማን እንደሚከፍተው ነው።

ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ የኢንተርኔት መቋረጡ ራሱ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። አዲስ አበባ ላይ ግን አገልግሎቱ ቀጥሎ ነበር። በአይፒ ግምት የማይለዩ ሁለት ቦታዎች በምን ተለዩ? በስልክ ማማ ነው። ስልክ ኔትወርክ እስካለው ድረስ፣ ባለቤቱ ዳታ ባይከፍትም፣ በየትኛው የማማዎች ክልል እንዳለ ያሳውቃል፤ ሲደወልበት ወይም ዳታ ሲጠቀም ደግሞ ያስተናገደው ማማ ይመዘገባል። ሲም ካርዱ በስም የተመዘገበ ስለሆነ ማማውና ስሙ አንድ መዝገብ ላይ ይገናኛሉ። በሰሊጥና በጥጥ እርሻዎች መካከል ማማዎች ከከተማው ይልቅ ይራራቃሉ፤ ይህ ደግሞ ትክክለኛነቱን ይቀንሳል የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። እውነት ነው፤ አንድ ማማ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ነገር ግን ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ የሚወስደው ዋና መንገድ አንድ በመሆኑ፣ ስልኩ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ሲዛወር የሰውየው ጉዞ ከነአቅጣጫው ይነበባል። ብዙ አማራጭ ጎዳና ባለበት አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ግልጽ ምልክት ማግኘት ይከብዳል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የጸጥታ አካላት የደንበኞችን የጥሪ መዝገብ ያለ በቂ የሕግ ቁጥጥር ያገኙ እንደነበር ጽፏል። መዝገቡን ለመክፈት የአይፒ አድራሻ ማወቅ አያስፈልግም፤ የስልክ ቁጥር ይበቃል።

የሩቁ ብዥታ ደግሞ ጥበቃ አለመሆኑ ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ያመጣል። ማክስማይንድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አገራቸው ብቻ የታወቀ አድራሻዎችን በአሜሪካ ካርታ መካከል በመረጠው አንድ ነጥብ ላይ አስቀመጣቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ እንደሆነው፣ 600 ሚሊዮን ያህል አድራሻዎች ካንሳስ ውስጥ ባለ አንድ የእርሻ ቤት ላይ ተከምረው ነበር፤ ለዓመታት ፖሊስና ተበዳዮች ምንም ያላደረጉትን ነዋሪዎች በር ያንኳኩ ነበር። መተማ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። መተማ ዮሐንስንና በሱዳን በኩል ያለችውን ገላባትን የሚለያቸው ጠባብ የወንዝ አልጋ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ፓስፖርት አይጠየቅም። የሱዳን ሲም ይዞ ከወዲህ ማዶ የቆመ ሰው የገላባትን ማማ ካገኘ፣ በኢንተርኔት ላይ ሱዳን ውስጥ ነው። ኮርሴራ በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት ለሱዳን ተጠቃሚዎች ትምህርቱን ሲዘጋ፣ መለያው የአይፒ አድራሻ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የጀመረውን የሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በመተማ የገባው ስደተኛም እንዲሁ፣ በያዘው ሲም የተነሳ በአካል የሌለበት አገር ውስጥ ሊቆጠር ይችላል።

የአድራሻ መጋራትም አንዱን ሰው ከሌላው ማሳሳቱ አይቀርም። ከጋራ አድራሻ ወደ አንድ ደንበኛ ለመድረስ ትክክለኛው ሰከንድና የፖርት ቁጥር ያስፈልጋል። የውጭ አገር ሰርቨር በዓለም አቀፍ ሰዓት 6፡00 ብሎ የመዘገበው ቅጽበት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዓቷን ወደ ኋላ በመለሰችው ሱዳን ደግሞ 8፡00 ነው። ይህን የሚያምታታ መርማሪ የሌላ ሰው በር ማንኳኳቱ ነው፤ የሚንኳኳበት ሰው ግን የሰዓት አቆጣጠር ክርክር የሚያነሳበት ዕድል እምብዛም የለውም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው ቪፒኤን መፍትሔ ነው የሚለው ነው። ቪፒኤን የሚጎበኘውን ገጽ ከኦፕሬተሩ፣ የተጠቃሚውን አድራሻ ከገጹ ይሸሽጋል፤ ማማውን ግን አይነካም፣ ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ ከነጭራሹ አይሠራም። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፦ የኮንትሮባንድ፣ የሰዎች ዝውውርና የታጠቁ ኃይሎች መተላለፊያ በሆነ ጠረፍ መንግሥት ይህ መዝገብ ያስፈልገዋል። ይህን መካድ ተገቢ አይመስለኝም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም የትራፊክ ዳታ ለአንድ ዓመት እንዲቀመጥ ሲያዝ፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር በምስጢር እንዲጠበቅ ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ዳታው የተሰበሰበበት ሰው ስለራሱ የተያዘውን የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ጥያቄው የመዝገቡ መኖር ሳይሆን የከፋቹ ተጠያቂነት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የመዝገብ ጥያቄ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳቀረበው ኦፕሬተሩ ዘንድ ራሱን የቻለ መዝገብ ሊኖረው፣ ምርመራው ሲያበቃም ለባለጉዳዩ ሊነገረው ይገባል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ የተሰጠውን ተቆጣጣሪነት በዚህ ነጥብ ቢጀምር፣ የገንዳ ውሃ ገበሬና ነጋዴ መብቱን ለመጠየቅ የአይፒ አድራሻ ምን እንደሆነ ማወቅ እንኳ አይጠበቅበትም።