ኅትመት

በቢቸናም ሆነ በሞጣ «ኅትመት» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው መጽሐፍና ጋዜጣ ነው። ለሥዕል ሰብሳቢ ግን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ሥሩም ከ«ማኅተም» ጋር አንድ ነው። ሠዓሊው እንጨት ይቀርጻል፤ ጎልቶ የቀረውን ገጽ ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት አልብሶ ይጫነዋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ይህን በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ ነበር፤ ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታም ተማሪው ነበር።

በኅትመቱ ግርጌ በእርሳስ 3/20 ተብሎ ከተጻፈ፣ ከ20 ቅጂዎች ሦስተኛው ማለት ነው። በማሽን የተባዛ የሥዕል ፎቶግራፍ ግን ዝነኛ ዘፋኝ ቢፈርምበትም ፖስተር ነው። የዝነኛ ስም ዋጋ ያንራል፤ ሥዕሉን አያሻሽልም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት «እንጨቱን ማን ቀረጸው?» ብለው ይጠይቁ።