የአፍላ ወጣቶች የደም ግፊትና የሰውነት ክብደት

ከፍተኛ የደም ግፊት በተለምዶ የትልልቅ ሰዎች በሽታ ተደርጎ ቢታይም ከ10 እስከ 19 ዓመት ባሉ አፍላ ወጣቶችም ላይ ይከሰታል። በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚያያዘው ከልክ ካለፈ ክብደት ጋር ነው። ብዙውን ጊዜ ምንም ስሜት ስለሌለው ካልተለካ አይታወቅም፤ ጤነኛ የሚመስል ልጅ ደግሞ ግፊቱን የሚለካለት አያገኝም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከ13 ዓመት ጀምሮ ከ120/80 በታች ያለው ልኬት ጤናማ ነው። 130/80 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ የደም ግፊት ሲባል፣ ከ140/90 ጀምሮ ያለው ሁለተኛው ደረጃ ነው። ከ13 ዓመት በታች ላሉት ልኬቱ ከዕድሜ፣ ከጾታና ከቁመት ጋር በሰንጠረዥ ይነጻጸራል። ከዚህ በፊት የነበረው የ2004 እ.ኤ.አ. ሰንጠረዥ ሲሰላ ከልክ በላይ የወፈሩ ልጆችም ተካትተው ስለነበር፣ ጤናማ የሚባለው ወሰን ራሱ ወደ ላይ ተስቦ ነበር። የ2017ቱ እነሱን አስወጥቶ ወሰኑን ዝቅ አደረገ። ተገቢ እርማት ነበር፤ የችግሩ ስፋት መለኪያውን እስከማዛባት ደርሶ ነበርና።

ውፍረት ግፊትን የሚጨምረው በተለያዩ መንገዶች ነው። የሰውነት ስብ ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ሌፕቲን ሲበዛ የልብ ምትን የሚያፈጥኑና ደም ሥሮችን የሚያጠብቡ ነርቮች ይነቃቃሉ። ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ሲዳከም በደም ውስጥ ኢንሱሊን ይከማቻል፤ ኩላሊትም ጨው ከማስወገድ ይልቅ ያስቀራል። ከውፍረቱ የተነሣ በእንቅልፍ ጊዜ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅም ለግፊት ይጋለጣል።

አለካኩ ራሱ ሊያሳስት ይችላል። በወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ መጠቅለያ ከታሰረ ንባቡ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። በመጠቅለያው ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ስፋቱ ቢያንስ የክንዱን ዙሪያ 40 በመቶ፣ ርዝመቱ ከ80 እስከ 100 በመቶ መሆን አለበት። ልጁ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ዐርፎ ይለካል። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብቻ ግፊቱ የሚጨምር ልጅ ስላለ፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት ሳይረጋገጥ በሽታ አለበት አይባልም፤ የ24 ሰዓት መለኪያ ካለ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ቀጭን ልጅ ግፊቱ ከፍ ካለ ሌላ መንስኤ መፈለግ ግድ ነው። በኢትዮጵያና መሰል አገሮች ከጉሮሮ ወይም ከቆዳ ቁስለት በኋላ የሚመጣ የኩላሊት ብግነት ሊዘነጋ አይገባም፤ የፊት እብጠትና የጠቆረ ሽንት ምልክቶቹ ናቸው።

ጉዳቱ ቀድሞ እንደሚጀምር የሚጠቁም ጥናት አለ። በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በዶክተር ጄራልድ ቤረንሰን የተጀመረው የቦጋሉሳ የልብ ጥናት፣ በአደጋና በሌሎች ምክንያቶች የሞቱ ወጣቶችን አስከሬን መርምሮ ነበር። ክብደታቸውና ግፊታቸው ከፍ ያለ በነበረ ወጣቶች የደም ቧንቧ ውስጥ የስብ ክምችት በዝቶ ተገኝቷል። የልብ ግድግዳ መወፈርም በአፍላነት ሊጀምር ይችላል።

ሕክምናው የሚጀምረው ከቤት ነው። ለስላሳ መጠጥን፣ የታሸጉ ጨዋማ ምግቦችንና ጨውን መቀነስ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ማዘውተር፣ በቀን 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ልጁን ለብቻው ከማስራብና በውፍረቱ ከመዝለፍ ይልቅ የቤተሰቡን ማዕድ መለወጥ ይበጃል። ይህ በቂ ካልሆነ፣ ወይም ልብ መጎዳቱ ከታየ፣ መድኃኒት ይታዘዛል። ኢናላፕሪልና መሰል የግፊት መድኃኒቶች ፅንስን ስለሚጎዱ፣ ልጃገረዶች መድኃኒቱን ከመጀመራቸው በፊት ይህ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።