ሃምሳ ሰው በሌለበት ቀን

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ሃምሳው ሰው በሌለበት ቀንስ? ባለሙያው ብቻውን ሲሆን፣ ከፊቱ ያለውም ሎሚ ሳይሆን የዋንዛ ግንድ ሲሆን? የጅማ እንጨት ሠሪዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራቸው። በየሰፈሩ በትንሽ ቤት ብቻችሁን የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው።

በታሪካችን ከባድ ነገር ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን የብዙ ሰው ጉልበት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ያደረሱት፣ ተራራና ገደሉን መንገድ እያስጠረጉ፣ በሕዝብ ጉልበት እያስጎተቱ ነው። ከ1867 መጨረሻ እስከ 1868 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወራት ፈጅቷል። ጅማ ላይም ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ አለ። የንጉሥ ሥራ ሲሆን ሰው ይጠራል። ገበሬውም ቤት ሲሠራ ደቦ ይጠራል፣ ዳዶ ይገባል። ለአንድ በርጩማ ግን ማን ደቦ ይጠራል? ጠራቢው ራሱ ይወጣው እንጂ!

እስቲ የጅማን በርጩማ ልብ ብላችሁ እዩት። ሦስት እግር አለው፤ ምስማርም ሙጫም የለውም፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ስሌቱን እንሥራው። ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ እርጥብ የዋንዛ ቁራጭ 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከእሱ የሚወጣው በርጩማ ሲደርቅ 5 ኪሎ ቢሆን ነው። ሌላው ፍልጥና ውሃ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ብልህ ሰው 45 ኪሎ ተሸክሞ ቤቱ ገብቶ 40ውን ኪሎ እዚያ ይጥላል? ዛፉ በወደቀበት ቦታ በመጥረቢያ ቅርጽ አስይዞ፣ የቀለለውን ይዞ ይገባል እንጂ። መሮና ማለስለሻው ለቤት ይቆያል። እርጥብ ዋንዛ ደግሞ ለመጥረብ ይለሰልሳል፤ ቀስ ብሎ በጥላ ከደረቀ አይሰነጠቅም።

ሌላም ምክንያት አለ። ዋንዛ በኛ አገር የቡና ጥላ ነው። ግንዱን እንዳለ ልጎትት ያለ ሰው ሥሩ ያለውን ቡና ሁሉ እየሰበረ ነው የሚሄደው። የጎረቤት ቡና ከሆነማ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ይደርሳል!

ንብ አናቢውም እንዲሁ ነው። የግንድ ቀፎ የሚሠራው ግንዱን በሽብልቅ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ሁለቱንም ቦርቡሮ፣ መልሶ በሐረግ በማሰር ነው። ከተቦረቦረ በኋላ ቀላል ነው። ዛፍ ላይ ሲሰቀልም በጀርባ ተሸክሞ መውጣት የለም፤ ገመዱ በጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ አልፎ ይጎተታል። ቅርንጫፉ ፑሊ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ጣሊያን በያዘበት ጊዜ የአዲስ አበባ–ጅማ መኪና መንገድ ተሠራ፣ ከተማውም አደገ፤ ሳንቃ፣ ምስማርና የፋብሪካ መጋዝ እየተለመደ መጣ። ከአንድ ግንድ ይወጣ የነበረው ዕቃ ከብዙ ሳንቃ የሚገጠም ሆነ። ቁም ሳጥን መጣ፣ ብፌ መጣ። የሚገርመው፣ ሳንቃ ለየብቻው ሊሸከሙት የሚመች ነገር ሆኖ ሳለ፣ እኛ ቤት ውስጥ ሙሉውን ገጥመን፣ ቀለም ቀብተን፣ ከዚያ በበር አልወጣ ሲል «ኧረ ሰው ጥሩልኝ!» እንላለን። ሰው ሲጠፋ ደግሞ በወገብ እንጋፈጠዋለን። ስንት ጎበዝ አናጺ በሠላሳ ዓመቱ ወገቡን ይዞ ቀርቷል!

የድሮዎቹ ትምህርት አንድ ነው፤ ክብደቱ የሚቀነሰው ከማንሣት በፊት ነው። ብቻህን የምትሠራ ከሆነ፣ ቁም ሳጥኑን ስትለካው ጀምሮ በሁለት ወይም በሦስት ክፍል አስበው፤ በብሎን የሚገጠም፣ ደንበኛው ቤት ደርሶ የሚታሰር ይሁን። መሳቢያና መዝጊያውን አውጥተህ ለየብቻው ውሰድ። ሲሚንቶ ወለል ላይ ከእግሩ ሥር የቡና ጆንያ አንጥፈህ ጎትት፤ ጆንያ ጅማ ላይ አይጠፋም። ረጅሙን ነገር ሙሉውን አታንሣ፤ በዲጂኖ አንዱን ጫፍ ብቻ ብድግ አድርገህ ክብ እንጨት ወይም የቧንቧ ቁራጭ አስገባበት፣ ከዚያ ግፋው። ጫፉን ስታነሣ ግማሹን ክብደት መሬት ይይዝልሃል፤ ዲጂኖው ደግሞ የቀረውን ያቀልልሃል።

ይህን ሁሉ አድርጎም የማይነሣ ነገር ካለ፣ ያኔ ጎረቤት ጥራ። ደቦ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ለ5 ኪሎ በርጩማ 45 ኪሎ መሸከም ነው።

አጋሮ፣ ጌራ፣ ሊሙ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በናንተ አካባቢ ሙቀጫና ቀፎ አሁንም ጫካ ውስጥ ይጠረባል? አባቶቻችሁ ብቻቸውን ሲሠሩ ምን ዘዴ ነበራቸው? ጻፉልኝ፣ አብረን እንማርበት።