የግቢ ኤሊ ጤናማ መኖሪያ፦ ከክረምት ቅዝቃዜ እስከ ከብት መድኃኒት

በአንዳንድ የከተማ ግቢዎችና መዝናኛ ስፍራዎች ሣር ላይ ቀስ እያለ ሲጓዝ የሚታየው የየብስ ኤሊ በመሠረቱ የቆላ እንስሳ ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቀው ዝርያ ቢጫማ ቅርፊቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ሲሆን፣ የእንግሊዝኛ ስያሜውም ከነብር ጋር ያመሳስለዋል። ሙሉ ዕድገቱን ሲጨርስ በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። በአግባቡ ከተያዘም ከ50 ዓመት በላይ ይኖራል። ለሕፃን መጫወቻ ተብሎ ወደ ቤት የገባ ኤሊ ሕፃኑ አድጎ፣ ወልዶ፣ አያት እስኪሆን ሊቆይ ይችላል ማለት ነው።

ኤሊን ከዱር አንስቶ ወደ ቤት መውሰድ ግን የግል ፈቃድ ጉዳይ አይደለም። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ ይከለክላል። ድንበር ተሻጋሪ ንግዱም ኢትዮጵያ በፈረመችው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። ቀድሞ ግቢው ውስጥ ኤሊ ያለው ሰው በአቅራቢያው የሚገኘውን የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማማከር ይኖርበታል። ዓመታት ከሰው ጋር የኖረን ኤሊ ባገኙት ጫካ መልቀቅም መፍትሔ አይሆንም፤ እንግዳ በሆነበት ስፍራ ሊሞት፣ ለዱሮቹም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

በደጋና ወይና ደጋ ከተሞች የኤሊ ትልቁ ፈተና ክረምት ነው። በአውሮፓ የሚኖሩ አንዳንድ ኤሊዎች ብርዱ ሲመጣ አፈር ውስጥ ገብተው ወራትን በእንቅልፍ ያሳልፋሉ፤ የኢትዮጵያው ዝርያ ግን ይህ ተፈጥሮ የለውም። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጥግ ይዞ፣ ራሱን ወደ ቅርፊቱ ሰብስቦ መብላት ያቆመ ኤሊ “ተኝቷል” ተብሎ መተው የለበትም። በርዶታል ወይም ታሟል። ኤሊ እንደ በግና ፍየል የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ ፀሐይ ካላገኘ የበላው ሣር እንኳ በአግባቡ አይፈጭለትም። ደረቅ ቅዝቃዜን ለአጭር ጊዜ ሊቋቋም ቢችልም፣ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲደመሩ ሳንባው ይታመማል። በመሆኑም ባሕር ዳር ላይ በቂ የሆነ መጠለያ ደብረ ብርሃን ላይ ላይበቃ ይችላል።

መጠለያው ውድ መሆን አይጠበቅበትም። ከጣውላ የተሠራ፣ ኤሊው እንደልቡ ዞሮ የሚተኛበት ትንሽ ጎጆ ይበቃል። ወለሉ ጎርፍ እንዳይገባው ከመሬት ጥቂት ከፍ ይላል፤ መግቢያውም ኤሊው ሳይንሸራተት የሚወጣበት ተዳፋት ይደረግለታል። በሩ ወደ ምሥራቅ ቢዞር የማለዳ ፀሐይ ቶሎ ታገኘዋለች። ባዶ ቆርቆሮ ቀን ስለሚያቃጥልና ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ በላዩ ሣር መክደን ይመከራል። ሊሾ ላይ ማሳደር ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ብርዱ በሆዱ በኩል ይገባል። በወለሉ ላይ ደረቅ ድርቆሽ በብዛት ይነጠፋል፤ ሲረጥብም ወዲያው ይለወጣል።

ሌሊት የመጠለያው ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች እንዳይወርድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መብራት ባለበት ሙቀት የሚሰጥ አምፖል ከላይ ራቅ አድርጎ መስቀል ይቻላል። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቡ ማኖር ያግዛል። በዝግ ጎጆ ውስጥ ከሰል ማንደድ ግን ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ቀን ቀን ደግሞ ፀሐይ በቀጥታ ሊያገኘው ይገባል፤ አጥንቱንና ቅርፊቱን የሚያጠነክረው የፀሐይ ጨረር በመስኮት መስታወት አያልፍምና። የሚሸሽበት ጥላም ያስፈልገዋል፤ ተገልብጦ ፀሐይ ላይ የቀረ ኤሊ በአጭር ጊዜ ይሞታል።

አጥሩ የማያሳይ ቢሆን ይመረጣል። ኤሊ በሽቦ በኩል ወዲያ ማዶ ያለውን ካየ ቀኑን ሙሉ ሲገፋ ይውላል። ውሻም በምንም መልኩ ከእርሱ ጋር ብቻውን አይተውም፤ ቅርፊቱን እንደ አጥንት ያኝከዋል።

ምግቡ ሣር ነው። ሰርዶ፣ ድርቆሽና እሾሁ የተላጠ የበለስ ቅጠል ይስማሙታል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተትና ሥጋ አይስማሙትም፤ ቆስጣም ካልሲየም እንዳያገኝ ስለሚያደርግ አይዘወተርም። አልፋልፋ ለከብት መልካም ቢሆንም ለኤሊ ዋና ቀለብ ለመሆን ፕሮቲኑ ይበዛል። በዱር ያለው ኤሊ ካልሲየም ፍለጋ ያረጀ አጥንትና የጅብ ኩስ ሲያኝክ ይታያል። በግቢ ለሚኖረው የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይህን ይተካል። ሁለት-አራት-ዲ ከተረጨበት ማሳ የታጨደ አረም ግን ሊቀርብለት አይገባም። ውሃውም ገብቶ በሚወጣበት ዝርግ ሳሕን ይቀርባል።

አርሶ አደሮች በተለይ ሊጠነቀቁበት የሚገባው መድኃኒት አይቨርሜክቲን ነው። ለከብትና ለበግ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚሰጠው ይህ መድኃኒት ኤሊን ሽባ አድርጎ ሊገድል ይችላል፤ መጠኑን መቀነስም አደጋውን አያስቀርም። መዥገር ለማጥፋት ከብት ላይ የሚረጨው ዲያዚኖንም ኤሊው ላይ መረጨት የለበትም። መዥገሩን በወረንጦ አንድ በአንድ መንቀል ይሻላል።

መዥገሩን ችላ ማለትም አይቻልም። አንዳንድ የኤሊ መዥገሮች ከብትን፣ በግንና ፍየልን የሚገድለውን፣ በልብ ዙሪያ ውሃ የሚያስቋጥረውን ሐርትዋተር የተባለ በሽታ ያስተላልፋሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን ዝርያ ጨምሮ 3 የአፍሪካ ኤሊዎች እንዳይገቡባት ያገደችው፣ እነዚህ መዥገሮች ፍሎሪዳ ውስጥ በመገኘታቸው ነበር። ከገበያ የመጣ በግ አዲስ ኤሊ ካለበት ግቢ ከመግባቱ በፊት የኤሊው አንገትና ጭን ሥር መፈተሽ አለበት።

ኤሊ እንዳይጠፋ ብሎ ቅርፊቱን በስቶ ማሰር የቆየ ልማድ ነው። ቅርፊቱ ግን ደምና ነርቭ ያለው ሕያው አጥንት ነው፤ ሲበሳ ያማል፣ ያመረቅዛልም። ኤሊውን የነካ ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት፤ ጤነኛ የሚመስል ኤሊም ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል።

በወር አንድ ጊዜ መመዘንና ክብደቱን መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው፤ ቅርፊቱ ክሳቱን ስለሚሸፍን ዓይን ይታለላል። ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ዓይኑ ካበጠ ወይም ቅርፊቱ ሲጫኑት ከረገበ፣ ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ለሐኪሙም ኤሊው ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት እንደተሰጠው መንገር ይገባል።